ከመስኮቱ ሥር የተተከለው ዝንጉርጉር

ይታይሽ ሦስተኛ ልጇን በወለደች በአሥረኛው ቀን ከአማቷ እጅ መቅመስ ፈራች። ምን ታድርግ! የፊተኞቹ ሁለቱ ገና አራስ ሳለች ነው የሞቱባት። ይሄኛውም ጡቱን ይዞ እየተወ ማልቀስ ጀምሯል።

ያስፈራት ከመስኮቱ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ነው። አማቷ ወይዘሮ እታለማሁ ጣሊያን ትቶት ከሄደው ግቢ ቆርጠው የተከሉት ነው፤ ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ በጋ ከክረምት የማይረግፍ። ዳንግላ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። አሮጊቷ በየማለዳው ቢላ ይዘው ሥሩ ቁጢጥ ይላሉ፤ ዝንጉርጉሩን ትተው አረንጓዴ ብቻ የሆነውን ለጋ ቀንበጥ እየመረጡ ይቆርጣሉ።

«ካልቆረጥሁት ሌላውን ይውጠዋል» ይላሉ፣ ሲጠየቁ።

«ሰማሻት?» አለች ጎረቤቷ ውዴ። «ለጋ ለጋውን! አንች ሞኝ፣ የልጆችሽን ዕድሜ እኮ ነው የምትቆርጠው።»

ይታይሽ አመነቻት። ባሏ ክንዴ ድሮ ሽማግሌ የላከው ለውዴ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ውዴ ግን ቂም የት ታውቅና! በሦስቱም አራስነቷ ማር በጥብጣ የጠየቀቻት እሷ ናት። አሁን ደግሞ ማሩ ውስጥ ማርከሻ ሥር ጨመረችበት።

«እኔስ ጾመኛ ነኝ፤ አንች አራስ ነሽ፣ ጭልጥ አርጊው!»

ወይዘሮ እታለማሁም አጥሚት ያመጣሉ። በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሱና «ጠጭ ልጄ» ይላሉ። ዘወር ሲሉ ይታይሽ ለውሻው ትደፋዋለች። ውሻው ሰሞኑን ጠጉሩ ወዝቷል።

አንድ ረፋድ የማርከሻውን ዋንጫ አፏ ልታደርስ ስትል አሮጊቷ ከተፍ አሉ። ካወቁባት አለቀላት! በድንጋጤ በመስኮቱ ደፋችው። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልል አሉ፤ ውዴ ያቀበለቻትን ሁሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ እንዳያውቁባት በመስኮቱ ደፋች።

«ወየው ልጄ! ያለ ማርከሻ!» እያለች ሕፃኑን ትዳስሰዋለች። ሕፃኑ ግን ጠባ፣ ጠገበ፣ ተኛ። በፊት የጠጣሁት ነው የያዘለት አለች፤ ውዴን መረቀቻት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ አሮጊቷ ከደጅ ጮኹ።

«ይታይሽ! ኧረ ነይ እይ! ማን ነው እንዲህ ያደረገብኝ?»

አራስ ናትና ቢላ በእጇ ይዛ ወጣች። ውዴም ዋንጫዋን ከድና በአጥሩ በር ስትገባ ነበር።

የቁጥቋጦው በመስኮቱ በኩል ያለው ጎን ረግፎ አንድም ቅጠል አልቀረውም።