የእናቴ መጅ

ልጄ ፍሬሕይወት ግብፅ ወስዳ የጥንት ቤተ መቅደስ አሳየችኝ። ከምሰሶዎቹ ሥር ስቆም ጉንዳን አከልኩ፤ ደስም አለኝ።

የጥንት ድንጋይ የነካ ሰው ከቤቱ አንድ አሮጌ ድንጋይ እንደሚሰጥ መግቢያው ላይ ነግረውናል። ሕጉ የዓለም ሁሉ ነው። ግን ከቤተ መቅደስ ደጃፍ ስደርስ ከንፈሬ እኔን አይጠይቅም። ልጄ «እማዬ፣ ተይ!» ስትል ተሳልሜ ጨርሻለሁ።

በሳምንቱ የሕጉ አስከባሪዎች አዲስ አበባ ቤቴ ድረስ መጡ። ወጥ ቤት ገብተው የእናቴን መጅ አነሱ፤ መዳፏ ያጎደጎደውን፣ እኔም በየቀኑ ዳጣ የምፈጭበትን ድንጋይ።

«ሙዚየም ይቀመጣል፤ እየመጡ ያዩታል» አለኝ ጓንት ያደረገው ሰውዬ።

መጁን ልሰናበተው እጄን ዘረጋሁ።

ሰውዬው መጁን ወደ ደረቱ ሸሸግ አደረገው። «ይቅርታ እማማ፣ ከእንግዲህ መንካት አይቻልም።»