የዘገዬ ማርሚታ

ድሬዳዋ ውስጥ ዘገዬን በመልኩ የማያውቀው በመኪናው ጩኸት ያውቀዋል። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ የግል መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። የዘገዬ ሰይቼንቶ ትንሽ ናት፤ ድምፅዋ ግን የጭነት መኪና ያሳፍራል። ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ ማለት ነው፣ ከተበሳ ዓመት አልፎታል።

ሰውየው የአንድ አትክልትና ፍራፍሬ ነጋዴ መጋዘን ኃላፊ ነበር። መጋዘኑ መጋላ፣ ቤቱ ከዚራ። ቀትር ላይ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ሲተኛ፣ እሱ የደቻቱን ድልድይ እያንባረቀ ይሻገራል። ሚስቱ ሰርካዲስ ድምፁን ስትሰማ ውሃ ቀድታ፣ ፀጉሯን አበጥራ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሽንኩርት ጭነት ሊያይ ከዚራን አልፎ መልካ ጀብዱ መንደር ይወርዳል። እዚያ ዐስሊ የምትባል ባሏ የሞተባት ሩዝ ሻጭ አለች፤ እሷም መኪናውን ከሩቅ ሰምታ በሯን ትከፍትለታለች። ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ቤት ሲደርስ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቶ አየ። ውሃው ገና አልደረቀም።

«ማን ነበር?»

«በለጠች ናታ! ጎረቤቴ ሻይ ብትጠጣ ምን አለበት?»

በለጠች! አይ በለጠች! ከድልድዩ እስከ ቤቱ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ወንድ ሻዩን ጨልጦ በጓሮ መውጣት ይችላል። ይህን ካሰበ ወዲያ እህል አልወርድለት አለ።

ጥርጣሬው ያረፈው መካኒኩ ቡራሌ ላይ ነው። ቡራሌ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሚስት የሌለው የጀልዴሳ ልጅ ነው። የግራ በረባሶው ማሰሪያ ተበጥሶ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠፍሮታል፤ እንዲያም ሆኖ ሴቶቹ ዞረው ያዩታል። ሰርካዲስ በቀልዱ ስትስቅ ዘገዬ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ቀትር ላይ ጋራዡን ቆልፎ የት እንደሚተኛ አይታወቅም። ሲጠየቅ «ከድልድዩ ማዶ፣ ነፋስ ያለበት» ይላል። የዘገዬ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው።

በዚያው ሰሞን ዘገዬ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ ማርሚታ አስመጣ። ለሰይቼንቶ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ግን ይገጥማል ተብሏል። አብረው ሁለት ሻሾች መጡ። ቀዩን ለሰርካዲስ ሰጣት፤ ቢጫው መኪናው ውስጥ ቀረ።

ቡራሌ ማርሚታውን አገላብጦ አየና መለሰለት።

«አቦ ዘገዬ፣ ይሄን እኔ አልገጥምም።»

«ለምን?»

«ወላሂ ሞተርህን ያፍነዋል። ተወው ይጩህ! አንተም ስትመጣ ሰው ያውቃል።»

«ማን ነው እንዲያውቅ የምትፈልገው?»

ቡራሌ ሳቀ። ዘገዬ አልሳቀም።

ማታ ለሰርካዲስ ነገራት። «ቡራሌ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው» አለችው። «አንተ ደግሞ ከሽንኩርት በቀር ምን ታውቃለህ? ራሴ ልግጠም ብለህ እጅህን እንዳታጣ።»

ቡራሌ፣ ቡራሌ! ስሙ አፏ ላይ እንዴት እንደጣፈጣት! ዘገዬ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። ሌላ ጋራዥ ቢሄድ መካኒክ ለመካኒክ ያወራል፤ ወሬው ቡራሌ ጋ ይደርሳል። ራሱ ቢገጥመው ግን ኮሽ ሳይል ቤቱ ይገባል፤ ትዳር ይኑረው አይኑረው በዓይኑ ያያል። ስለዚህ ራሱ ሊገጥም ቆረጠ።

እሑድ የመፍቻ ሳጥን ተውሶ መኪናዋን ወደ ደቻቱ አወረዳት። በጋ ስለሆነ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። ሾፌሮች እንደሚያደርጉት ከሥሯ ቆፍሮ በጀርባው ገባ። ብሎኖቹ ዝገው ነበር። አንዱ ተቀነጠሰ፣ ክርኑ ተላጠ፣ አፉን አሸዋ ሞላው። አልገጥምም ያለውን በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ሞተሩን ሲያስነሳ ግን፣ እሰይ! መኪናዋ የተነሣችም አትመስልም።

ሰኞ ቀትር ላይ በጋራዡ በኩል አለፈ። በሩ ተቆልፏል። «ዛሬ አገኘሁህ!» አለ ዘገዬ። ድልድዩን ሹልክ ብሎ ተሻገረና የቤቱን በር በእርግጫ ከፈተው።

«ውይ፣ በስመአብ!» ሰርካዲስ ብርጭቆዋን ለቀቀችው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው በለጠች ነበረች፤ ሻይዋ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

ዘገዬ አልጋ ሥር አየ፣ ጓዳ ገባ፣ ጓሮ ወጣ። ማንም የለም። በለጠች ነገሩ ገባትና «ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ!» ብላ ተንከተከተች። ሰርካዲስ ግን አልሳቀችም።

«እኔን ነው ዘገዬ?» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ለመናት፤ እሷም ቆይታ ቆይታ ይቅር አለችው። ሁለተኛ ላይቀና ማለ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ደስታው አላስቀምጥ አለው። ከሰዓት እስኪሆን አልጠበቀም። ለሰርካዲስ «ዛሬ ሥራ ይበዛል» ብሎ፣ ቢጫውን ሻሽ ኪሱ ከትቶ፣ በቀትር መልካ ጀብዱ ደረሰ። የዐስሊ በር ዝግ ነበር፤ ለካ ድምፁን አልሰማችም። ቁልፍ እሱም ዘንድ አለና ራሱ ከፍቶ ገባ።

እዚያ ቤት ከመኝታው ደጃፍ ላይ ጫማ ይወለቃል። ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል፣ ግራው በቀይ ሽቦ የተጠፈረ በረባሶ ቀድሞት ተቀምጧል።

«ተኛ አቦ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለች ዐስሊ ከውስጥ። «ዘገዬ እንደሆነ መንደር ሳይገባ ይጮሃል።»