ስንቅ ተቀባዩ

ለመስቀል ዕረፍት ወርቂቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ሙዚየም የሆነውን አሮጌ ወህኒ ቤት ልታሳያቸው ወጣች። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ከፍቶ፣ «ቅመሺ ልጄ» አላት። ስንቅ አምጪን የማስቀመስ የድሮውን ወግ ማሳያ መስሏት፣ የበቆሎና የጎመን ኩርኩፋውን እየሳቀች ቀመሰችለት። ምሳ ዕቃውን ራሱ ጋ አስቀረው።

ውስጥ አስጎብኚው፣ «እስረኛ የተገደለ ዕለት፣ ስንቁ ሳይነካ ከነልብሱ ለቤተሰቡ ይመለስ ነበር» አለ።

ትንሹ ዳግም ወሬው ሰለቸው። «እማ፣ ራበኝ፤ ምሳዬን ላምጣ» ብሎ ወደ በሩ ሮጠ።

ወርቂቱ ሴት ልጇን ይዛ ተከትላው ስትደርስ፣ ዳግም የለም። ሽማግሌው ምሳ ዕቃውን እንደሞላ መለሰላት። ከላዩ የዳግም ቢጫ ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ገና ይሞቃል።

«ከእንግዲህ አታምጪ፣ ልጄ» አላት።