ወደ ኋላ አልመለስ ያለው ወንበር

ወንበሩ እዝዝ እያለ ወደ ፊት ሄደ። የጋሽ ሀምዱ ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር እስኪላተም ድረስ ገፋቸውና እዚያው ቀጥ አለ። ሽማግሌው የበሩን መክፈቻ ሲፈልጉ ነበር በወንበሩ ጎን ያለውን ቁልፍ የነኩት። ምርኩዛቸው በደረታቸውና በመስታወቱ መካከል ተቀርቅሮ፣ ነጭ ኮፍያቸው ግንባራቸው ላይ ወርዶ፣ እንደ ሰሌን ጥቅልል ብለው ቀሩ።

ውጫሌ ናቸው፤ የዙሌይካ አባት ቤት ደጃፍ። ጋሽ ሀምዱና ከኋላ የተቀመጡት መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ልጅቷን ለኡበይድ ሊጠይቁ ከሐይቅ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። በደንቡ ጠያቂው ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። ኡበይድ ግን መኪናዋን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት አላስቻለውም። ከደሴ ገዝቶ ካመጣት ገና ወር አልሞላትም፤ ዕድሜዋ ከሱ ቢበልጥም፣ ወንበሯ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መሆኑን ለሐይቅ ሰው ሁሉ አሳይቷል። በአውቶቡስ እንሂድ ያሉትን አጎቱን ጋሽ ሀምዱን ስቆባቸው ራሱ ሹፌር ሆኖ መጣ። እነሱ ሲገቡ እሱ መሪው ላይ አቀርቅሮ ሊጠብቅ ነበር ሐሳቡ።

አሁን ቁልፉን ወደ ኋላ ተጫነው። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ወንበሩ አይነቃነቅም። ፊውዙን አውጥቶ አየ፤ ደህና ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነካካ፤ እሱም ደህና ነው። ድምፅ ካለ መብራት አለ፣ መብራት ካለ ደግሞ ወንበሩን የያዘው ነገር አለ ማለት እንደሆነ አላጣውም፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ያስብ። ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ የሴቶች ሹክሹክታ ይሰማል።

«አብሽር ልጄ፣ ምንም አልሆንኩ» አሉት ጋሽ ሀምዱ ቀስ ብለው። ማጽናናታቸው ይበልጥ አበሸቀው።

«ዝም በል! ሽማግሌ ያመጣሁ መስሎኝ ሕፃን ነው የጫንኩት። የነካኸውን ሁሉ ታበላሻለህ።»

አባቱ ሲሞት ከለቅሶው ቤት አንስተው ያሳደጉትን ሰው ነው እንዲህ ያለው። ድምፁ አጥሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ሹክሹክታው ቆመ። መሪጌታ ከኋላ ሆነው አማተቡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኡበይድ ቃሉን መልሶ ሊውጠው ወደደ፣ ግን ወጥቷል፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

በሩ ተከፈተና የዙሌይካ አባት ሙነወር ብቅ አሉ። ሁሉን እንደሰሙ ከዐይናቸው ያስታውቃል። ኡበይድን አላዩትም። ጎንበስ ብለው የጋሽ ሀምዱን እግሮች አንድ በአንድ አወጡ፣ መሪጌታ ወርደው ብብታቸውን ደገፉ። ቆሞ ደጅ ሊጠና የመጣውን ሽማግሌ የቤቱ ጌታ እንደ በሽተኛ ተሸክሞ አወረደው። ኡበይድ ሊያግዝ እጁን ቢዘረጋም የሚይዘው ቦታ አጣ። ተያይዘው ገቡ፣ እሱ ደጅ ቀረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

የሚሠራውን ሲያጣ በሆዱ ተኝቶ ከወንበሩ ሥር እጁን ሰደደ። ወንበሩ የሚሄድበት ብረት ላይ አንድ እንጨት ነገር ተወትፏል። ግራ ቀኝ አወዛውዞ መዘዘው። የጫማ ብሩሽ ነው፤ የራሱ። ውጫሌ ሊገቡ ሲሉ መኪናዋን አቁሞ፣ ማንም ሊያየው የማይገባው ጠያቂ ጫማውን ወልውሎ፣ ብሩሹን ከአጎቱ ወንበር ሥር የወረወረው ራሱ ነው። ጋሽ ሀምዱ እያዩት ነበር። ጫማህ አማረ ብለውታል።

በረንዳው ከአጥሩ ወዲያ ቅርብ ነውና ንግግሩ ይሰማል። ተቀመጡ ተባሉ፤ ጋሽ ሀምዱ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ደንቡ ነው፤ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው ቀሩ። መሪጌታ የልጁን ዘርና ሥራ አንድ ሁለት እያሉ ተናገሩ፣ ሙነወርም እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ጋሽ ሀምዱ፣ ሹፌሩ ማን እንደሆነ ገብቶኛል» አሉ ሙነወር። «እኔ ልጅ ስሰጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ታላቁን ያከብራል ወይ? አላህ ይሰማናል፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ኡበይድ ብሩሹን እንደጨበጠ ወደ አጥሩ ተጠጋ። በገዛ አፌ ዙሌይካን አጣኋት አለ በልቡ።

«የሰማችሁት ከኔ የተማረውን ነው» አሉ ጋሽ ሀምዱ። «ያለ አባት ቀረ ብዬ አላዘንኩለትም፤ በሰው ፊት እየጮኽኩ፣ እየሰደብኩ አሳደግኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። በኔ ጥፋት ልጁን አትመልሱብኝ።»

ኡበይድ ዐይኑን ጨፈነ። እኚህ ሰው አንድ ቀን ጮኸውበት አያውቁም። በልጅነቱ በሬውን ሐይቁ ዳር ትቶ ኳስ ሲጫወት፣ በሬው ረግረግ ገብቶ የሞተ ዕለት እንኳ፣ አንተ ተረፍክልኝ ብለው ግንባሩን ስመውታል። ዛሬ አላህ እየሰማቸው ዋሹለት።

«እንግዲያው» አሉ ሙነወር፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ። የሰጠኋት ግን ለእርስዎ ብዬ ነው። አሁን ይቀመጡ።»

ዱዓው ተጀመረ፤ መሪጌታም አሜን ሲሉ ይሰማል። ኡበይድ እሱም አሜን ሊል መዳፉን ዘረጋ፤ ብሩሹ እዚያው ነበር። መሬት ላይ አስቀመጠውና የወንበሩን ቁልፍ ተጫነ። ባዶው ወንበር ምንም ሳያንገራግር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄደ፤ ፊት ለፊቱ ለሁለት ሰው ጉልበት የሚበቃ ቦታ ተከፈተ።