በወፏ ዓይን ውስጥ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ግን ፊቴን ወደ ወፎች አዞርኩ። የብርድ ወራት ሲገባ በየማለዳው የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍቼ፣ ደፉ ላይ ፍርፋሪ በትኜ፣ ካሜራዬን ይዤ እቆማለሁ። ወፍ «ቀና በዪ፣ አትንቀሳቀሺ» ቢሏት የምትሰማ ፍጡር አይደለችም።

ፎቶው ጥርት ማለቱን የማውቀው ዓይኗን አጉልቼ ሳይ ነው። እዚያች ጥቁር ዶቃ ውስጥ እኔ ካሜራዬን እንደያዝኩ እታያለሁ። ከዚያ ለታናሽ እህቴ እልክላታለሁ። ከሷ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም።

አንድ ቀን ደወለች።

«ጋሼ፣ እንግዳ እንዳለህ አትነግረኝም?»

«የምን እንግዳ? እኔ ቤት ማን ይመጣል?»

«አጠገብህ የቆመው ሰውዬ ነዋ!»

የላክሁላትን ፎቶ ከፍቼ የወፏን ዓይን አጉልቼ አየሁ። እውነትም ቆሟል። ዞር ብል ግን ከምድጃውና ከባዶው ወንበር በቀር ምንም የለም።

በማግስቱም ነበር፤ በሳምንቱም። እውነቱን ለመናገር አልፈራሁም። እንዲያውም ቦታ እንዳይጠበው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠጋ እልለት ጀመር።

ዛሬ እህቴ ስትደውል ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሰውየው ብቻውን ነው። ካሜራውንም የያዘው እሱ ነው። አንተ የት ሄደህ ነው?»

«ኧረ እዚሁ ነኝ» አልኳት።

«ሃሎ? ጋሼ? አትሰማኝም እንዴ?»

«አለሁ፣ እህቴ» አላት አንድ ሰው ከአጠገቤ፣ በራሴው ድምፅ።

«እፎይ! አስደነገጥከኝ እኮ» አለችና ሳቀች።