የወንድ ጫማ ለብቸኛ ሴት

ዊላ የምትሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትልልቅ የወንድ ቦት ጫማ። የምትሸጠውም ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ብቻዋን ለምትኖር ሴት። ገዢዋ ጫማውን በረንዳዋ ላይ ትገትረዋለች፣ ሌባ ሲያየው ቤት ውስጥ ግዙፍ ባል ያለ ይመስለዋል። በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሰሜናዊ ጫካ ውስጥ ደግሞ ባል የሞተባት ሞልታለች፤ ታዲያ ገበያ ይጠፋል?

«ለሁሉም ልሽጥ ያለ ለማንም አይሸጥም» ትላለች ዊላ። ራሷ ጭብጥ የማትሞላ ሴት ናት። የማንም እግር የማይሞላውን ትልቁን ቁጥር ከመደብር በርካሽ ታነሳና፣ ሦስት ካልሲ ደራርባ፣ አጥልቃው ጭቃ ለጭቃ ትዞራለች። አዲስ ጫማ ማንንም አያስፈራማ!

ባሏ የሞተባት ሎርና ግን አልገዛችም። «ባሌ በቁሙ ሌባ አላባረረ፤ ጫማው ሊያባርርልኝ ነው?» እያለች ትስቅ ነበር። ደግሞስ ሮስኮ አለላት። ጎረቤቷ ሮስኮ በር የሚሞላ ግንድ ቆራጭ ነው፤ ዛፍ ወድቆበት አንድ እግሩን ያነክሳል። እንጨቷን የሚፈልጥላት፣ በረዶዋን የሚጠርግላት እሱ ነው።

በረዶው ሲገባ ቤት መሰበር ተጀመረ። የሚሰበረው የብቸኛ ሴት ቤት ብቻ ነው። የሚወሰደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መስኮት ይሰበራል፣ ዕቃ ይተራመሳል። ኋላ ግን አይሪን የምትባለው ጡረተኛ መምህርት ቤቷ ሳለች ተገባባት። ከደረጃ ተገፍትራ፣ አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። ነፍሷን ይማር።

ዊላ ቀብሩ ላይ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። «ግዢ ብያት ነበር እኮ! ጫማዬ ያለበትን ቤት እስካሁን ማን ደፈረው?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አልደፈረም። ከቀብር መልስ ሴቶቹ በሯ ላይ ተሰለፉ። ሎርናም ገዛች።

ሰንበት ብሎ የአካባቢው ፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ፣ ሎርና ቤት መጣ።

«በረዶው ላይ ያገኘነው ዱካ የግዙፍ ሰው ነው» አላት። «እርምጃው ግን አጠር አጠር ያለ ነው፤ የሚያነክስ ይመስላል። የሚያውቁት ሰው አለ?»

ሎርና በመስኮቱ ወደ ሮስኮ ቤት አየች። ሮስኮ ለሁሉም እንጨት ይፈልጣል፤ የትኛዋ ሴት ብቻዋን እንደምታድር ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ስሙን ተናገረች።

ሲወስዱት ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ። «እትዬ ሎርና፣ አሁን እንጨቱን ማን ሊፈልጥልዎ ነው?» አላት። ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲያ አገር ሰላም ሆነ። ሴቶቹ ጫማውን ከበረንዳቸው አነሱ፣ የዊላም ደጅ ጭር አለ። ሎርና የራሷን ጫማ ይዛላት ሄደች።

«በሞቴ ውሰጂልኝ» አለቻት። «ባየሁት ቁጥር ሮስኮ ትዝ እያለኝ እህል አልወርድ አለኝ።»

«ካልሽ ምን አደርጋለሁ» አለች ዊላ፤ ጫማውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ግን ብቻሽን አትፈሪም?»

«አውሬው ታስሮ ምን ያስፈራኛል?»

«እሱስ ልክ ነሽ። የሚፈራ ሰው ጠፋና የእኔም ንግድ ሞተ።»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሎርና ሾርባዋን እያማሰለች ሳለ የበረንዳው መስኮት ተንኮታኮተ። ማማሰያዋን ጥላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ከባድ ኮቴ፣ አጠር አጠር እያለ፣ ወደ ወጥ ቤቱ መጣ። ጉዴ ፈላ፣ ለቀውታል ማለት ነው!

«ሮስኮ፣ ይቅር በለኝ!» የሚል ድምፅ አመለጣት።

ኮቴው ቆመ። ከዚያ ትልልቁ ጫማ ዞሮ እፊቷ መጣ፤ ከአፉ በላይ ሦስት ካልሲ ተደራርቦበታል።