ከኋላው የነበረው ዱካ

ኤፊም ጎረቤቱን ጋቭሪልን ካናገረው ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። በላይኛው ፔቾራ ወንዝ ዳር፣ አሥራ አራት ቤት ብቻ ባለበት መንደር፣ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤትን ሳያናግሩ መኖር ቀላል አይደለም። ኤፊም ግን ችሎበታል። የጸባቸው መነሻ የአደን ወሰን ነበር። ጋቭሪል «ወሰኔን ገፉ» ቢለው፣ ኤፊም በሰው ፊት ሌባ ብሎ ሰደበው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ወንዙ ያዞራሉ።

ኤፊም ዘንድሮ ስልሳ ስምንት ሞላው። አደኑ ግን እንደዚህ ሰምሮለት አያውቅም። ሩች የምትባለው ውሻው ጆሮዋ የቆመ፣ ጅራቷ ጀርባዋ ላይ የተጠቀለለ፣ ቀበሮ የመሰለች ቀይ ናት። የሌላ ሰው ውሻ አንድ ነገር ያውቃል፤ እሷ ሁሉንም ታውቃለች። ሽኮኮ ዛፍ ላይ ካየች አጠር አጠር አድርጋ ትጮሃለች። የጫካ አውራ ዶሮ ከሆነ እንዳይበረግግ ድምፅዋን ታለሰልሳለች። አጋዘን ሲሆን ከፊት ከፊቱ እየተሽከረከረች ታቆመዋለች። ኤፊም በድምፅዋ ይደርሳል፣ ይተኩሳል፤ ያነጣጠረበትም ይወድቃል። በረዶ ከጣለ ወዲህ አንድም ጥይት አልባከነበትም።

«ጠመንጃዬም ጎረመሰ» አላት ሚስቱን አግኒያን። «ስተኩስ ጫካው ሁለቴ ነው የሚያስተጋባልኝ። ብርዱ ነው መሰለኝ።»

አግኒያ የሽኮኮ ቆዳ እየገፈፈች ነበር። ቀና አላለችም።

«ብርዱ ይሆናል» አለች።

አንድ ቀን ኤፊም ከገደለበት ቦታ አርባ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከጥድ ጀርባ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ዱካ አገኘ። የግራው ጫፍ የተሰበረ ነው፤ የጋቭሪል መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በማግስቱም አገኘው። በሦስተኛው ቀን ሩች ከዛፎቹ መሃል አፏን እየላሰች መጣች። አፏ ደረቅ ዓሣ ይሸታል።

ነገሩ ገባው። ሩችን ቡችላ ሳለች በሌላ ሰው እጅ ነበር የገዛት፤ እናቷ የጋቭሪል ነበረች፤ አምና ሞታበታለች። ሰውዬው ውሻ የለውም።

«ሊያስኮበልላት ነው» አለ ማታ እራት ላይ።

«ተወው እባክህ» አለች አግኒያ። «ማንን ጎዳ?»

«አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ የተጋገረበት ዳቦ ትልኪለታለሽ።»

«ብቻውን የሚኖር ሰው ነው።»

«ሌባ ነው።»

አግኒያ ሳህኑን አነሳች። 

በማግስቱ ሩች አጠር አጠር አድርጋ ስትጮህ ኤፊም ወደ ዛፉ አልሄደም። በስተጀርባ ዞረ። ጋቭሪል ከጥዱ ሥር ተንበርክኮ፣ ጠመንጃውን ሩች ወደምትጮህበት ዛፍ ጫፍ ደግኗል። ኤፊም ጠመንጃውን ሲያቀባብል ድምፁ ተሰማ።

«አስቀምጠው» አለ።

ጋቭሪል ቀስ ብሎ ዞረ። ጠመንጃውን በረዶው ላይ አጋደመው።

«ኤፊም ኢሊች፣ አፈሙዙን ወዲያ ያድርጉት።»

«አደኔን ልትነጥቀኝ ስትከተለኝ ከረምክ።»

«እስከ ዛሬ የጎደለብዎ አለ? አንዲት ላባ እንኳን?»

«እንግዲያው ውሻዬን ነው።»

ጋቭሪል ሩችን አያት። ሽቅብ እያየች ትጮሃለች፤ ጅራቷ ይንቀጠቀጣል።

«አዎ፣ ለእሷ ብዬ ነው» አለ። «ለእርስዎማ እንኳን ልደክም ጥላዎን አልወደውም። እንዲህ ያለች ውሻ በከንቱ እየጮኸች ተበላሽታ ማየት ግን አልችልም።»

«በእኔ እጅ ነው የምትበላሸው?»

ጋቭሪል የኤፊምን ጠመንጃ አየ።

ኤፊም ጉንጩ በንዴት ተቃጠለ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው «አዎ» ይኸው ከሌባው አፍ ወጣ።

«ነገ ዱካህን እዚህ ባይ እንደ አውሬ ነው የምተኩስብህ።»

«ይስታሉ» አለ ጋቭሪል።

ከዚያ ጠመንጃውን አነሳ፤ በረዶውን አራገፈ።

«እሺ። ከነገ ጀምሮ ጫካው ለብቻዎ ነው» ብሎ ሄደ።

ኤፊም ያን ዕለት ቀሪውን ቀን እየዘፈነ አሳለፈ። አልተኮሰም፤ ድሉ በቃው።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሩች በጠዋት ሽኮኮ አገኘች። ኤፊም አምስት ጊዜ ተኮሰ። ሽኮኮዋ አንዱን ቅርንጫፍ ትታ ሌላው ላይ ተቀመጠች፤ በመጨረሻ ዘላ ጠፋች። ቀጥሎ አውራ ዶሮ ነበር፤ በመጀመሪያው ጥይት ተነስቶ በረረ። ኤፊም አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አየ። ምንም የለበትም። በሦስተኛው ዛፍ ሥር ሩች ጥቂት ጮኸች፤ ሁለቴ ከተኮሰ በኋላ ዞራ ፊቱን አየችው፤ ዝም አለች። ቀሪውን መንገድ ከፊቱ መሮጥ ትታ ከእግሩ ኋላ ተከተለችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባ። አግኒያ ሽርጧን ታጥቃ፣ መግፈፊያ ቢላዋዋን ስላ ትጠብቃለች። ባዶውን ከረጢት ወረወረላት። ከፍታ አየችው፤ አግዳሚው ሥር የተጋደመችውን ሩችንም አየች።

«ዛሬ ጋቭሪል አሞት ነው እንዴ ያልወጣው?» አለች።